ናሙና

ዛሬ አርባ ቀን ሞላው፤ ሂርማታ ገበያ፣
ካንዲት ሽንኩርት ሻጭ ፊት፣ ከሚዛኗ ወዲያ፣
ደረቴ ላይ አንድ ሰው በጫማው ቆሞብኝ፣
ግራ ክንዴ ድንገት የሰው ክንድ ሆነብኝ።
የሁለት ኪሎ ዕዳ አለብኝ፤ እስካሁን አልከፈልኩም፤
ከእጄ የወደቀውን ማን እንዳነሳው አላውቅም።

ዶክተር ነጂባ ወረቀቱን ዘርግታ፣
ከመስመሩ ወጣ ገባ ላይ በጥፍሯ ቆይታ፣
«ይኸ ያለፈውን ነው የሚያወራው፤ የሚመጣውን አያውቅም።
አዲስ አበባ ቢሄዱ፣ ጋሽ ሸምሱ፣ በእጅዎ አንጓ በኩል
ቀጭን ቱቦ አስገብተው፣ ቀለም ለቀው፣ የጠበበው ይታያል።
ወይ ደግሞ በኪኒኑ መቆየት አለ። እሱም መንገድ ነው፤ ብዙ ሰው ይኖርበታል።
ብቻ እኔ፣ እንዲህ ያድርጉ ብዬ ባስገድድዎ አይሆንም።»

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ መውጊያ ይዤ ኖሬያለሁ፤
ቦይ ያለው ሹል ብረት። የስንት ጆንያ ሆድ ወግቻለሁ።
ካንድ መኪና ቡና አንድ ጭብጥ ፍሬ፣
በነጭ ሳህን ላይ ዘርግቼ፣ ቆጥሬ፣
የተቦረቦረው፣ ጥቁሩ፣ የሻገተው ስንት እንደነበረ
ጽፌ ፈረምኩበት፤ ያለፈው አለፈ፣ የቀረውም ቀረ።

አባ ራያ የሚባሉ የማና ሰው ነበሩ፣
መውጊያዬን ሲያዩ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው የሚያዞሩ።
«ላዩን እየውና ተወኝ፤» ይሉ ነበር፤ «ላዩ ደህና ነው፣ ልጄ፤
የሥሩን እኔም አላውቀው፣ ያሰጣሁት ቢሆንም በእጄ።»
ሳቅኩባቸው።
ልጅ ነበርኩ፤ ብረቱም የመንግሥት ነበር።

ዘይነባ ምንም አትልም፤ ትናንት ግን ከጎረቤት
የጥጃዋን ዋጋ ስትጠይቅ ሰማኋት፣ በአጥሩ ክፍተት።
ሙክታር ካጋሮ ደውሎ፣ «እዚህ አንዱ ሄዶ በዚያው ቀረ፤» ይላል፤
ስልኩን ሳይዘጋ ደግሞ፣ «አንዱ ግን ተመልሶ ይኸው ቡና ይለቅማል።»
ረውዳ ከጀሞ፣ «አባ፣ ትኬት ልቁረጥ?» አለችና
መልስ አልጠበቀችም፤ ዘጋችው፣ ፈራችና።

ሌሊት በግራ ጎኔ ልተኛ ስል ትራሱ ውስጥ ይሰማኛል፤
ዱብ ይላል፣ ይዘገያል፤
ጭነት የበዛበት መኪና አዌቱ ድልድይ ሲደርስ እንደሚያመነታ፣
ከዚያ ደግሞ ዱብ ይላል።
እኔም አብሬው አመነታለሁ። ቆጥሬ ስጨርስ፣ እንደገና እቆጥራለሁ።

ሐሙስ ተመልሼ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኳት፦
«ብናየው ምን ይለወጣል?»
እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ቶሎ አልመለሰችም፤ ለዚህ ወደድኳት።
«ምናልባት ይከፈታል፤ ምናልባትም ኪኒኑ ራሱ ይቀጥላል።
ምናልባት ደግሞ ማወቅ ብቻ።»

ማወቅ ብቻ።
በመንገዴ ሁሉ፣ ከሆስፒታሉ እስከ ፈረንጅ አራዳ፣
ይህችን ቃል አኝኬ፣ ባጃጅም ሳልይዝ፣ በዝግታ ስሄዳ፣
ጆንያው የወደቀ እንደሆን ለባለቤቱ ይመለስ እንደነበር አሰብኩ።
የዚህኛው ባለቤት አላህ ነው። እኔ ተሸካሚ ነኝ፤
ግን ከባለቤቱ ደጅ እስክደርስ፣ ጀርባዬ ላይ ያለውን ጭነት
ምንነቱን ብጠይቅ ነውር አይመስለኝ።

ለረውዳ ደወልኩ፤ ማክሰኞ፣ የጠዋቱ አውቶቡስ።
ጥጃዋ ትቆይ አልኩ፤ ዘይነባ ግን አንገቷን ነቀነቀች፣ ልትመልስ
አፏን ከፍታ ተወችው።

ሂርማታ ወርጄ የሽንኩርቱን ከፈልኩ። ሴትዮዋ አላወቀችኝም፤
ብሩን ቆጥራ፣ «ምን ልስጥህ?» አለች። ምንም አልኩ፤ አላመነችኝም።

እጅጌዬን ሰብስቤ አንጓዬን አየሁት፤
መውጊያ ሲጨብጥ የኖረውን ደም ሥር በአውራ ጣቴ ዳሰስኩት።
እሺ። ይውጉት፣ ይዩት፤ ከላይ እስከ ሥሩ እሰጣለሁ።
ሲወጉኝ ግን፣ አባ ራያ፣
ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞራለሁ።